«የተለወጠ ነገር አለ?»

በናጋኦካ ክረምት፣ በረዶ እንዳይጋግር
ከአስፋልት ሥር ውኃ በሚረጭበት አገር፣
መንገዱ ዝጎ ቀልቷል፣ እንደ አሮጌ ጣሳ።
እዚያ ላይ ነው የኖርኩት፣ አንድ ጠዋት ሳልረሳ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አሮጊት ሽማግሌ
ከየደጃቸው ላነሣ።

ወይዘሮ ናካጎሚ ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት
በትንፋሽ መለኪያው እፍ ታስብለኛለች፤
ከዚያ ቀና ሳትል፣ ብዕሯን አዘጋጅታ
«የተለወጠ ነገር አለ?» ትለኛለች።
«የለም» እላታለሁ። ክብ ትሥልልኛለች።
ስንት ሺህ ክብ ይሆን፣ በስንት ደብተር ያለ!
ሁሉም የኔ «የለም»፣ ሁሉም እንደ ተማለ።

እሑድ ከሰዓት ነው። በአማቼ መኪና፣
የሥራ ቀን አይደል፣ ሰማዩም ደኅና፣
ማሞቂያው ለስለስ ብሎ፣ ራዲዮኑ ሲያንጎራጉር
አንድ ሰከንድ ጠፋሁ።
ስመለስ፣ የሩዝ መጋዘን አጥር፣
ኮፈኑ ላይ ተኝቶ፤ ብርቱካን ከኋላ ወንበር
እግሬ ሥር ተንከባሎ።
ሰው አልተነካም። ውሻ እንኳ አልጮኸም፣ አየኝና ዝም ብሎ።

ወጣቱ ፖሊስ መጣ፤ በሜትሩ ለካ፤
ሊያጽናናኝ ፈልጎ «በረዶ አዳልጦዎት ነው
ለካ!»
አዎን አልኩት፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ሳልፈራ።
መንገዱ ግን ንጹሕ ነበር፣ ፀሐይም ታበራ።
ያዳለጠው ዓይኔ ነው።

ማታ ለሞሮዙሚ ደወልኩለት። ሳቀ።
«በገዛ እሑድህ፣ በሰው መኪና፣ በሰው አጥር!
ለመሥሪያ ቤቱ ምኑ ነው? ውሉን እየው፣ ቁጥር በቁጥር።
ዝም አይነቅዝም» አለኝ።
ውሉን አየሁት። እውነቱን ነው።
ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ድርጅቱ መኪና ነው የሚያትተው፤
ስለ እሑድ አንድም ቃል የለው።

ሺዙኤ ሚስቴ የተፈነከተውን ብርቱካን ትልጣለች።
«ለጡረታህ አሥራ አራት ወር ቀረህ» ትላለች፣
ሌላ ነገር ሳትጨምር። ልጣጩን በልጣጭ ላይ ትደርባለች።

ሌሊቱን ግን ነቀዘ፣ አይነቅዝም የተባለው፤
ጎኔ ውስጥ ቅርጥፍ ቅርጥፍ ሲል ጆሮዬ ሰማው።
አጥሩ ይሠራል፣ ኮፈኑም ይቃናል፣ በገንዘብ፣ በደረሰኝ፤
ያቺን አንድ ሰከንድ ግን የትኛው ጋራዥ ያድስልኝ?
ሰኞ ከሁሉ ቀድማ፣ ሻርፗን ጠምጥማ፣
የምትጠብቀኝ አለች፣ ወይዘሮ ፉሚ፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ፣
ገና በሩ ሳይዘጋ የሚጀምር ማንኮራፋቷ።
እሷ የምትተኛው እኔን አምና ነው።
ሁለታችንም ከተኛን፣ መሪው የማን ነው?

ሰኞ። እፍ አልኩ። ዜሮ።
«የተለወጠ ነገር አለ?»
ብዕሯ፣ ከልማዱ፣ ክቡን ጀምሮት ነበር፤
«አለ» አልኳት።
ግማሽ ላይ ቆመ።

ሁሉንም ነገርኳት፣ የፖሊሱን በረዶም ጭምር።
አልተቆጣችም። አላመሰገነችኝም።
ቁልፉን ወደ መሳቢያው መለሰችው፤
መሳቢያው ሲዘጋ ያሰማው ድምፅ እንደ ጥርስ ነው።
ከዚያ፣ በዝግታ፣ ያልጠበቅሁትን ጠየቀች፤
«ከዚህ በፊትስ?»

ከዚህ በፊት...
ጥቅምት ላይ፣ ባቡር ማቋረጫው ጋ፣ ዘጠኝ ሰው ጭኜ፣
ደወሉ ያነቃኝ ዕለት፣ ሳልዋሽ አንቀላፍቼ፣
በማግስቱ «የለም» ያልኩት፣ ክቤን የተቀበልኩት፤
ለሞሮዙሚ፣ ለሺዙኤ፣ ለራሴም ያልነገርኩት።

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች፤
ወደ ኋላ፣ ወደ ጥቅምት፣ ገጹን ገለጠች።

በመስኮት አየሁት፣ ጎልማሳው ተተኪ መኪናዬን ሲያወጣ፤
ፉሚ ማነው ትለው ይሆን፣ በሌላ ፊት ሲመጣ?
የአውቶቡስ ፌርማታው ድረስ በቀዩ ውኃ ላይ ሄድኩ፣
ጫማዬ እየራሰ።
ያ ግማሽ ክብ ከደብተሯ ላይ አሁንም አለ፣
ጆሮ ይመስላል፣
ያልሰማው ገና ብዙ እንዳለ።