የአያያዝ ነገር

ሃያ ሁለት ክረምት በግ ስሸልት ኖሬ፣
እንደጎነበስኩኝ ቀረሁ ተቀርቅሬ።
ማሽኑ ከእጄ ላይ እየጮኸ ሳለ፣
በጉ ግማሽ ለብሶ ሾልኮ ኮበለለ።

ንጋይሬ ሚስቴ ፒክአፕ ላይ ጫነችኝ፣
እንደ ሱፍ ጥቅልል በጎን አስተኛችኝ።
ቴ ኩዊቲ ከተማ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
ኢሶቤል አለች፣ ሰው የምትጠግን።

ሚስማር ላይ የላስቲክ አከርካሪ አለ፣
ሃያ አራት አንጓውን ይዞ ተንጠለጠለ፤
ከኔ ይልቅ ቀጥ ያለው ሥራ ስላልያዘ ነው።

«አጥንቴ ወልቋልና መልሺልኝ» አልኳት፤
«መዶሻም ቢያስፈልግ አትሳሺኝ» ብያት
ሳቀች። «ወልቆማ ቢሆን ኖሮ፣ ራዊሪ፣
አንተን ያመጣህ ነበር የሄሊኮፕተር አብራሪ።
አጥንትህ የትም አልሄደ፤ ካለበት ነው ያለው፣
ደንግጦ የጨበጠህ ዙሪያው ጡንቻህ ነው፤
አንዱ አንጓ ሲለግም ጎረቤቱ ይደክማል፣
ነርቭም እንደ ቡችላ ጥላ አይቶ ይጮኻል።»

በጎኔ አጋደመችኝ፤ ጉልበቴን አጠፈች፣
አንድ እጇን ትከሻ፣ አንዱን ዳሌ አሳረፈች፤
«አስወጣ ትንፋሽህን» አለችኝ በቀስታ፤
ከዚያ አጭር ግፊት፣ ፈጣን፣ እንደ ትንታ።

ቋ!

«ተሰበረ ወይ?» ስትል ንጋይሬ ከደጅ፣
«አረፋ ነው» አለች ሳታነሳ እጅ።
«በአንጓና በአንጓ መሃል ዘይት መሳይ አለ፣
ቦታው ድንገት ሲሰፋ አረፋ በቀለ።
ድምፁ መድኃኒት አይደል፣ ሳይጮህም ይሠራል፤
ጡንቻው ሲያምን ይለቃል፣ ነርቩም ዝም ይላል።
አንዳንዱ ሰው ይሻለዋል፣ አንዳንዱ እንዳመመው ይመለሳል፤
ለምን እንደሆነ፣ እውነቱን ልንገርህ፣
ሁሉን አላውቅም።»

እኔ ግን የገባኝ አያያዟ ነበር፤
በግም እንዲህ ነው፣ እግሩ ካልነካ ምድር፤
በቂጡ ተቀምጦ፣ በጉልበት ተደግፎ፣
ይሸለታል ዝም ብሎ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ አርፎ።
ጠበቅ ሲያደርጉት ይራገጣል፣
ላላ ሲያደርጉትም ይራገጣል።
ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ለበግ ሰጠሁ፤
ለገዛ ወገቤ መች አስቤ አወቅሁ?

ቀና ብዬ ወጣሁ፣ ግማሹን ሕመም ግን ይዤው ተመለስኩ፤
ሂሳብ ሲጠራማ ደግሞ ጎበጥ አልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሜዳ አገኘሁት
ያን ግማሽ ለባሽ በግ። ጉልበቴ መሃል አስቀመጥኩት፤
ማሽኑን ሳላበራ፣ ዝቅ ብዬ ወደ ጆሮው፣
«አስወጣ ትንፋሽህን» አልኩት።