የላመ ጠርሙስ

ታራዋ ላይ መሬት እንደ ክር ቀጥና፣
ባሕር በዚህ በኩል፣ ባሕር በዚያ ሆና፣
ተራራ የላትም ድንጋይ የሚወጣ፣
ወንዝም አልታደለች አሸዋ የሚያመጣ።

ሰው ግን ቤት ሲያምረው፣ አርማታን ሲሻ፣
የዳርቻን አሸዋ ዛቀ እስከ ማምሻ።
ባሕሩም ዝም አለ፣ ቆጥሮ እንደ አበዳሪ፤
አንድ ሌሊት መጣ ያለ አንዳች ነጋሪ፣
የኔይ ሮቲያን አማት መቃብር ሸርሽሮ
ወለዱን ወሰደ፣ መስቀሏን ጨምሮ።

«ከእንግዲህ አሸዋ እንዳትነኩ» ተባለ፤
«ይልቅ አምጡ ጠርሙስ፣ በየቤቱ ካለ።»

ካለ ነው? አለ እንጂ! ከጓሮዋ ወዲያ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ስትከምር ሮቲያ፣
ቴካኢ የጨለጠውን፣ አንዱንም ሳትጥል፣
ቆሞላት ነበረ እንደ ግንብ፣ እንደ ጥል።
ያ የደመወዝ ቀን፣ ይሄ የልጅ ልደት፣
ያኛው ጣሪያው ሲያፈስ፣ በዝናቡ ሌሊት፤
ይቺ ደግሞ — ይቅር — ሰባራ አንገቷ ስለት፣
የሮቲያ ክንድ ላይ የተወችው ምልክት።

ቴካኢ ሞተ፤ ጠርሙሱ ግን ቀረ።
መሐንዲሱ ልጅ ኪማኤሬ ሊያስረዳት ጀመረ፦
«እማማ፣ ጠርሙስን አድቅቀው ካልፈጩት፣
ከሲሚንቶ ጋራ እንዳለ ቢያቦኩት፣
ዛሬ ዝም ይላል፤ ሲከርም ግን ሆዱ
እርጥበት እየሳበ ያብጣል፣ ያኔ ነው ጉዱ፤
ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ከውስጥ፣ ማንም ሳይነካው።
የላመ ግን፣» አለ፣ «እንደ ዱቄት ከሆነ፣
እሱው ማሰሪያ ነው፤ ተፈትኖ ታመነ።»

ሮቲያ ሳቀች።
«ይህን ለማወቅ ነው
ያን ሁሉ ዓመት ትምህርት ቤት የሄድከው?»

ቀኑን ሙሉ ጮኸ ወፍጮው በጓሮዋ፤
ደመወዝ ተፈጨ፣ ልደት፣ ዝናብ፣ ጣሪያዋ።
ከሥሩ የወረደው ጨው እንጂ አይመስልም፤
እጇን ከተተችው። ቀስ ብላ። አልቆረጣትም።

ሃያ ስምንት ቀን። አርማታ አይቸኩልም።
ከዚያ የሙከራውን ኩብ መጭመቂያ ሥር ከቶ፣
ኪማኤሬ ጫነው ትንፋሹን ገቶ።
ቻለ።

ጋን ሠሩላት ትልቅ፣ ለዝናብ ማቆሪያ፣
ቴካኢ ይቀመጥባት ከነበረች ጥግ ወዲያ።
ሌሊቱን ዘነበ፤ እስከ አፉ ሞላ፤
የሰፈሩ ልጆች መጡ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፣
ጣሳ እያንኳኩ።

ኪማኤሬ ሊሰናበት ጎራ ሲል ለአፍታ፣
አንዲት ጠርሙስ አየ መስኮቷ ላይ ቀርታ፣
ያቺኑ፣ ሰባራ አንገት።

«ይቺስ? ተረሳች ወይ?»

«አልተረሳችም፣» አለች፣ ከአዲሱ ውኃ ቀድታ፣
«እሷ ገና ናት።
አልላመችም።»