የዝናብ ቀን ሒሳብ

ጋሽ ፍሥሐ፣ ና ግባ፣ ከሸራው ሥር ቁም፤
የጅማ ዝናብ ነው፣ ቶሎ አያባራም።
እንተሳሰብ እስቲ፣ ፔሮልህን ዘርጋ፤
ስድስት ቀን መጥቼ ስለምን ነው ዋጋ
የአራት ቀን ብቻ?

«ሁለቱን፣» ትላለህ፣ «ዘነበ፣ ሸሪፋ፤
ያልተቆፈረ ቀን ከመዝገብ ጠፋ።»
እሺ፣ ቀኑስ ይጥፋ። እኔ የት ነበርኩኝ?
ከአዌቱ ማዶ በሌሊት ተነሣሁኝ፤
ባጃጁ ሠላሳ ብር ሲለኝ ተውኩት፣
የጅሬንን ዳገት በእግሬ ወጣሁት።
ጉድጓዱ ሞልቶ እንዳይናድ ጠርዙ
ውሃ ቀዳን በጣሳ፣ ጣቶች እስኪደነዝዙ፣
እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ይኼ ሥራ ካይደለ
በአንተ መዝገብ ቋንቋ ታዲያ ምን ተባለ?

ያቺ ገል ትዝ አለችህ? ከሦስተኛው ጉድጓድ፣
ሰማንያ ሳንቲ ሜትር፣ ከግራጫው አመድ
እኔ ነኝ ያገኘኋት፣ ወንፊት ላይ ስትቀር።
ከአፏ ዝቅ ብሎ አሻራ ነበር፤
ጭቃው ገና ርጥብ ሳለ፣ ያቺ ሠሪዋ ሴት
አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ የያዘችበት።
አውራ ጣቴን ባሳርፍ ልክክ አለ።
(ማንም ሳያይ ነው። አትንገርብኝ።)

የእሷን አሻራ በመነጽር አዩት፣
ለኩት፣ ፎቶ አነሡት፣ ወረቀት ላይ ሣሉት፤
ለገሏም ጥጥ ተነጠፈ፣ ቁጥርና ሣጥን ተሰጣት።
እኔም በየአሥራ አምስት ቀኑ ይኸው አውራ ጣቴን
ቀለም ነክሬ እተውልሃለሁ።
የእኔንስ ማን አየው?

ነዚፍ አባ ዲኮ ላይ ጠርዙ የተናደ ለታ
ጥጥ አልነበረም።
ሻርፔን ቀድጄ፣ የወንፊት እንጨት ደግፌ አሰርኩት፤
ባጃጅ ላይ ጭነን፣ ለሐኪሙ ከየኪሳችን አዋጣንለት።
ገሏ ብትሰነጠቅ ሦስት ገጽ ተጻፈ፤
የነዚፍ እግር ተሰብሮ ስሙ ተገደፈ፣
በማግሥቱ፣ ከዝርዝሩ።

ኤብሴም ከእኛ ጋር ናት፣ ዲግሪዋን አንግታ፣
ብሩሹን እንኳ በራሷ ብር ገዝታ።
ኮንትራቷ ሦስት ወር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን
ስጠይቃት ትስቃለች፣ ትጠርጋለች አፈሩን።

ጫማ ብለን ጮኽን፤ ጫማ መጣ፣ አልክድም።
ግን ሁሉም አርባ አራት ቁጥር።
የእኔ እግር ሠላሳ ሰባት ነው፤ ጨርቅ ጎስጉሼበት
እንደ ዳክዬ ስረግጥ እውላለሁ።
ከሺህ ዓመት በኋላ እዚህ የሚቆፍር ሰው
ይህን ጫማ ሲያገኘው
«ግዙፍ ሕዝብ ነበሩ» ብሎ ይጽፍ ይሆናል።
እሱስ ይሁን፣ ያስቃል።
ይህን ፔሮል ቢያገኝ ግን፣ እነዚህን ባዶ ቤቶች፣
የማክሰኞን፣ የረቡዕን፣
«በእነዚህ ቀናት ሰው አልነበረም» ይላል።

ወንፊቶቻችን እዚያ ተደርድረዋል፣ አየሃቸው።
ለክፋት አይደለም። የነዚፍ የሕክምና ወጪ ይመለስ፣
የጉድጓዱ ጠርዝ በእንጨት ይደገፍ፣
የዝናቡም ቀን ይከፈል።
ግማሽ ክፍያ አትበለኝ፤ ግማሽ ሆኜ አልመጣሁም።
«በጀት» ትለኛለህ። እኔ ብዙ ቆፍሬአለሁ፣ ጋሽ ፍሥሐ፣
በጀት የሚሉት ነገር እስካሁን አልወጣልኝም፤
አንተ የት እንዳለ ታውቃለህና ንገራቸው።

እስከዚያ ጻፍ።
ማክሰኞ፦ ዝናብ ነበር፤ ሸሪፋም ነበረች።
ረቡዕ፦ ዝናብ ነበር፤ ሸሪፋም ነበረች።
ሸራው ያፈሳል፤ ቀለሙ እንዳይበላሽብህ
ዣንጥላህን ስጠኝ፣ እኔ እይዝልሃለሁ።