የማይታይ ሥር

ሰንጋ ተራ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣ ዘጠኝ ደረጃ ወደ ታች፣
አምፖሏ ሲያሻት የምትበራ አንዲት ክፍል አለች።
ክንድ እሠራባታለሁ።
ሰው "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲለኝ፣ "ክንድ" እላለሁ፤ ይስቃል፤
መደርደሪያውን ሲያይ ሳቁን ይውጣል።

በፊት የነበረው ክንድ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ሮዝ፣ እንደ ሕፃን ተረከዝ፣
ሥሩ ሰማያዊ መስመር፣ ካርታ ላይ እንዳለ ወንዝ።
ሲስተር ውዴነሽ ከጥቁር አንበሳ በፌስታል ይዛው መጣች፤
"በዚህ የተማረ ልጅ ዎርድ ሲገባ ዕውር ይሆናል" አለች።
"የኛ ሰው ጠይም ነው፣ ቀይ ዳማ ነው፣ ጥቁር ነው፤
ሥሩን ጣት እንጂ ዓይን አያገኘው።
የማይታይ ሥር ሥራልኝ።"

ቀለሙን የተማርኩት ከሊስትሮ ሳጥን፣
ቡናማው ላይ ጥቁር ጠብታ፣ ቀይ ጠብታ፣ መጠን በመጠን።
ለቅርጹ ክንዱን ያዋሰኝ ጋሽ ደቻሳ ነው፣ መኪና ጠባቂው፤
አስፋልት ዳር ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ጀሶ ውስጥ፣
በግራው "ና! ና! በቃ!" እያለ መኪና ሲያስገባ።

ሥሩን በሰም እቀርጻለሁ፤ ሲሊኮን አፈስበታለሁ፤
በሙቅ ውኃ ሰሙን አቅልጬ አወጣለሁ።
ቅኔ የተማረ አጎቴ ቢያየኝ፣ "ወርቁስ የታለ?" ይለኝ ነበር፤
ወርቁ ባዶው ነው፣ አጎቴ፤ ቀይ ውኃ የሚያልፍበት በር።

በሚያዝያ ጋሽ ደቻሳ ታመመ፣ ተኛ።
ሲፈን የምትባል ተማሪ ነበረች ተረኛ።
አንድ ሴሚስተር ሙሉ የወጋችው የእሱኑ ክንድ መሆኑን
ማን ይንገራት?
ሳተች። ደገመች፤ ሳተች።
"አይዞሽ ልጄ፣ ድሮም ወግተሽኛል" አላት፤
ትኩሳት መሰላት።

በሦስተኛው ገባ።

ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ስሄድ፣
ክንዱን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ አሳየኝ፣ ፋሻውን፣ የበለዘውን፦
"ያንተኛው ዝም ይላል፤ እኔ 'አይ!' አልኩ።
ክንዴ ሸሸ። ልጅቱም ደነገጠች።"

አሁን ሌሊት ነው። መብራት መጥቷል። አሥር ክንድ ታዟል፤
ሰሙ ምጣድ ላይ ሟሙቷል።
ጠባሳውን እችላለሁ፣
ማርያም የሳመችውን ምልክት፣ የፀጉሩን ቀዳዳ፣
ቆዳው ለመርፌ እንቢ የሚልባትን ያቺን ቅጽበት እንኳ።

ሚዛኑ ፊቴ ነው፣ ማንኪያው እጄ ላይ፤
ያቺ "አይ" ግን
ስንት ግራም ናት?