የመጨረሻው ዓምድ

መዝገቡ ሰፊ ነው፣ ገጹ በመስመር ታጥሯል፤
ስም፣ ቀበሌ፣ ሳምንት፣ ሁሉም ተቆጥሯል፤
ከዳር፣ ከጠርዙ ላይ፣ አንድ ጠባብ ዓምድ አለ፣
«ውጤት» ይላል ከላይ። እዚያ ላይ የዋለ
ከአንድ ቃል አይበልጥም።

አምና ነው፣ በኅዳር፣ ሞላሌ ሳይነጋ፣
ባልዲው ላይ ያደረ የውሃ ፊት ሲረጋ፣
በወሳንሳ መጣች፣ ስሟ የሺሐረግ፤
ሰባት ወር ከሳምንት። እኔም ምን እንደማደርግ
ሳላስብ፣ «ከእጄ ላይ እንዳትወልድ» አልሁኝ፤
አምቡላንስ ጠራሁኝ፣ በጥድፊያ ላክሁኝ።
ሃያ ደቂቃ! ሁሉም «ጎበዝ» አለኝ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው
ልጁ ቸኩሎ ወጣ፤ ካፖርት ተቀበለው፣
የሾፌሩ ካፖርት፣ ናፍጣ የሚሸት።
አላለቀሰም አሉ። ደረቱ ብቻ ነው
እየተሰረጎደ አየር የለመነው።
ያቺ ትንሽ ብልቃጥ፣ ሳንባ የምታፈካ፣
ከጓንቱ አጠገብ፣ ሣጥን ውስጥ፣ ሳትነካ፤
ቁልፉ ኪሴ ነበር።

«ሞተ» ብዬ ጻፍሁ። ዓምዱ ጠባብ ነው፣
«ለምን» ለሚል ጥያቄ ስፍራ የለው።

ዘንድሮ፣ በየካቲት፣ አትጠገብ መጣች፣
በእግሯ ነው፣ ከባሏ ከጌጤነህ ጋራ፤
«ውሃው ፈሰሰ» አለች እንደ ነገር ተራ።
አማቷ ከኋላ ጣት እየቆጠሩ፣
«ሰባት ከሆነ ይኖራል፤ ስምንት ከገባ ወሩ
አያድግም ልጄ» አሉኝ። ያገሩ ወግ ነው፣
እኔም ከእናቴ አፍ ስሰማው ያደግሁት።
«እትዬ ዘነበች፣ ወር አይገድልም ልጅ፤
ብርድ ነው፣ ትንፋሽ ነው፣ የዘገየ እጅ» ብዬ
ቀሪውን ዋጥሁት፤
የቸኮለም እጅ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ይጣራል፣
«ሲስተር፣ ጉሙ ሳይወርድ!» እውነቱን ነው፣ ይወርዳል።
«ቆይ» አልሁት።
በስምንት ዓመቴ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣
መኪና ፊት ቆሜ «ቆይ» ስል የመጀመሪያዬ ነው ይኸ።
ሣጥኑን ከፈትሁት። መርፌው ቀስ ብሎ ገባ፣
ለማላየው ልጅ፣ ለማላየው ሳንባ።
ሰዓቱን ክንዷ ላይ ጻፍሁት በእስክሪብቶ፤
ወረቀት ይጠፋል፤ ክንድ አይጠፋም ከቶ።
ሁለተኛው መርፌ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ፣
ደብረ ብርሃን ላይ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ።
ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ ቀይ መብራቱ ሄደ።

የቀረውን ሁሉ በስልክ ነው የሰማሁ።
ሁለት ቀን ቆየላት። ሁለት ቀን! ለሳንባ
ዕድሜ ነው፤ ይማራል አየር ሲወጣ ሲገባ።
ተወለደ። እትብቱን ለመቁረጥ አልቸኮሉ፤
የእናቱ ደም ይድረሰው ብለው ቆሙ አሉ፣
ቆጠሩ። ሚዛኑ
ከአንድ ኪሎ ስኳር ጥቂት ብቻ አለፍ፤
ልቅሶውም ልቅሶ አይባል፣ የጫጩት አፍ።

እናቲቱን ትኩሳት ሲይዛት በማግሥቱ
ነርሷ ጌጤነህን «ሸሚዝህን አውልቅ» አለችው።
በግ ሲሸልት የኖረ፣ ባና የሚሸምን፣
ሴት በሞላበት ክፍል ደረቱ ተራቁቶ
ቆመ አሉ፣ አንገቱን እንደ ጥፋተኛ ደፍቶ።
ልጁን ደረቱ ላይ ለጠፉት፣ ቆዳ ለቆዳ፣
የራሱን ባና ደረቡለት። ወንበር ላይ፣ ሳይተኛ፣
ትንፋሹን ሲቆጥር፣ እስከ መቶ፣ ደግሞ ከአንደኛ፣
ሲነጋ፣ ሲመሽ፣ ሲነጋ።
(አሁን፣ ሞላሌ ገበያ፣ ማንም ሳይጠይቀው
«እኔ ነኝ ያሞቅሁት» ይላል።)

ዓይኑን ገና ያዩለታል። ጆሮውንም።
ሲድህ፣ ሲቆም፣ ምን እንደሚሆን አላውቅም።
በኔ መዝገብ ላይ፣ በጠባቡ ዓምድ ውስጥ፣
«ተልኳል» ብቻ ነው ያለው።

ትናንት እትዬ ዘነበች፣ ቅቤ በቅል ይዘው፣
«ለመሆኑ ስንት ወሩ ነበር?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።
«ሠላሳ አንድ ሳምንት።»
«እሱ ስንት ነው?»
«ሰባት በሏቸው።» ደስ አላቸው። ሄዱ።

የየሺሐረግም ሰባት ነበር ወሩ።
ገጹን ገለጥሁት፤ ቀለሙ አልደበዘዘም።
ቁልፉ አሁን በክር ታስሮ ከበሩ ጀርባ፣
ከምስማሩ ላይ ይንጠለጠላል፣
ኪሴ ውስጥ አይደለም፤
ማታ የምትገባው አዲሷ ልጅም ትደርስበታለች፣
እጇን ብቻ ብትዘረጋ።