ጠቃሽ

ፓምፔሮ የሚሉት ነፋስ የሞንቴቪዴዮን መስኮት በሚደበድብበት ወር፣
ፎርም መሙላት ነው ሥራዬ፤ የሊቃውንቱን ዕድሜ በቁጥር ማሰር።
ስንት ጻፉ? ስንት ሰው ጠቀሳቸው? ማንስ ከማን በለጠ?
ዓምዱ ጠባብ ነው፤ ሰው አይገባበትም ካልተቆራረጠ።

ዛሬ ጠዋት የሚሬያ ኤቼጎዬን ተራ ደረሰ፤
ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ዓሣ በማዳመጥ ጉልበቷ የፈሰሰ።
ዓሣዋ ጣት ታክላለች፤ የድፍርስ ውኃ ልጅ፣ ዓይኗ እምብዛም የማይረባ፣
ከገላዋ ኤሌክትሪክ አፍልቃ በጨለማ የምትግባባ።
አንጎሏ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤
ሚሬያ እዚያ ውስጥ ገብታ አረጀች፤ ወጥታ አታውቅም።
ከገንዳው ሽቦ ስባ ከድምፅ ማጉያ አገናኘችው፤
ኮሪደራችንን ዓሣዋ እንደ ንብ ቀፎ እምምም አሰኘችው።
እኛስ ለምደነዋል። ስልክ ስናነሳ ከጀርባ ይሰማል፤
ደዋዩ "ምንድን ነው?" ሲል፣ "ሥራ ላይ ናት" እንላለን፤ ነገሩ ያልቃል።

ወደ ፎርሙ ልመለስ። የታተመ ጽሑፍ፦ ሃያ ሰባት።
የተጠቀሰችው፦ ሦስት መቶ ስምንት።
ኮሚቴው የሚሻው ከዚህ በእጥፍ ይልቃል፤
የጎረቤቷ የዶክተር ባርሶላማ ጣራ ይነካል።
(እሱ ከወዳጆቹ ጋር መጠቃቀስ ያውቅበታል፤
አንተ እኔን፣ እኔ አንተን፤ እንደ ዕቁብ ይዞራል።)
የሷ ጥቅስ ሁለት መቶው ከአንድ ጽሑፍ ነው የመጣ፤
ያውም "ተሳስታለች" ብለው ሊያርሟት፣ በቁጣ።
ተግሣጽም ይቆጠራል። ማሽኑ ቃና አይለይም፤
"ተሳሳተች" ያለና "ጎበዝ" ያለ፣ አንዱ ካንዱ አይከብድም።

ከሁሉ ግርጌ ግን አንዲት ሥራ አለች፤
በአገሯ ቋንቋ፣ ዛሬ በተዘጋ መጽሔት ላይ የወጣች፦
ትልቁ ዓሣ ሲቀርብ ትንሿ አትጮኽም፤ ዝም ትላለች፤
አንዲት ነርቭ ደግሞ ያችን ዝምታ ቁጭ ብላ ትቆጥራለች።
ጠቃሽ፦ አንድ።

ማን ይሆን? አልኩ። ምሳዬን ትቼ ፈለግሁት፤
ፊንላንድ፣ ኦውሉ በሚባል የበረዶ ከተማ አገኘሁት፦
ሲርኩ ሃፓኮስኪ የምትባል ተማሪ፣ እስፓኝኛውን በመዝገበ ቃላት ቆፍራ፣
በመመረቂያ ጽሑፏ፣ በግርጌ ማስታወሻ አርባ ሦስት፣ ሌላ ሳትጨምር፣ ሳታጋንን፣ ሳትፈራ፦
"አርባ ጊዜ ደገምኩት። ዝም ትላለች።"

ይዤላት ሄድኩ። ማቴዋን በብረት መምጠጫ ስትስብ ነበር።
አነበበች። ደግማ አነበበች። "ኑበል ቢሰማ ኖሮ" አለች፣ ፈገግታ በሚመስል ነገር።
ኑበል ፔሬይራ፣ ሌሊት በጀልባ ዓሣዎቹን ያጠምድላት የነበረ፣
"እጄን ስሰድ ዝም ይላሉ፣ ዶክተር" ብሎ ነገሩን የጀመረ።
አምና ሞተ። ስሙ ያለው በምስጋናው አንቀጽ ጫፍ፣
ማቀዝቀዣ ከለገሰው ድርጅት ሥር፣ በደቃቅ ጽሑፍ።
"ለእሱ ዓምድ አለ?" አለችኝ። የለም አልኳት።
ብዕሯን ቀለም ጠቀሰችና፣ በፎርሙ ጀርባ፣ በትልቁ ጻፈችለት።
ወደ ማሽኑ ልገለብጠው "ኑ" ስል፣ "ቁጥር ብቻ ያስገቡ" አለኝ፤
"በ" ስል፣ "ቁጥር ብቻ"፤ ሦስተኛ ስሞክር ጭራሽ አስወጣኝ።

ይህን ጊዜ ዶክተር ባርሶላ፣ በግድግዳው ላይ ሰፊ ጥላ ጥሎ፣
በገንዳው አጠገብ አለፈ፤ ለሁላችንም ሰላምታ አዳርሶ፣ ቸኩሎ።

እምምምታው ቆመ።
ኮሪደሩ በሙሉ፣ ለቅጽበት፣ ጭጭ።
ሚሬያ ቀና አለች። አልሳቀችም።
በግራ ዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጥቅስ ስቆጥር ኖሬ፣
ተጠቀስኩ፣ ዛሬ።