ከብርጭቆ ወረቀት የተቀዳ ቆዳ

ኤድመንተን። ጥር ነው። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
የአውቶቡሱ መስኮት አመዳይ ለብሶ አይታይም መንገድ።
በስድስተኛው ፎቅ፣ ከጓንትና ከመነጽር ጋራ
ቆዳ እሠራለሁ፤ ይኸው ነው የኔ ሥራ።

ቆዳ ተወደደ ብዬ በሬዬን አላረድኩም፤
አልፋቅሁም፣ አላለፋሁም፣ ጨው አልነሰነስኩም።
ሲሊኮን በጥብጬ፣ እንደ አጥሚት አቅጥኜ፣
በብርጭቆ ወረቀት ላይ አፈሳለሁ ትንፋሼን አፍኜ።
ሲደርቅ እልጠዋለሁ፤ የሸካራው ገላ
በጎማው ላይ ቀርቷል፤ ሺህ ጥቃቅን ጉብታ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ።
ብር የተቀባ ስስ ሽፋን ከላዩ አለብሳለሁ፤
ሲጫኑት ጉብታው ይተኛል፣ ቁጥሩ ይነሣል፤ ሲለቁት… እጠብቃለሁ።
(ጎማ ቂመኛ ነው፤ የተጫነውን ቶሎ አይረሳም።
የሰውም ቆዳ እንዲሁ ነው ይላሉ፤ እሱን አልለካሁም።)

ኦሬስት ሃውሪሉክ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል፤
ከቬግሬቪል፣ በአሮጌ ፒክአፕ፤ በሩ ላይ በረዶውን ያራግፋል።
አርባ ዓመት አናጢ። ቀኝ እጁን መጋዝ ነው የበላው፤
ሲናገረው፣ ስለ ጎረቤት ውሻ የሚያወራ ነው የሚመስለው።
“ከምን ቀዳችሁት?” አለኝ፣ ቆዳውን በግራው ዳሰሰ።
“ከብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥር መቶ ሃያ።” ሳቀ፣ ሳለ፣ ዓይኑን አበሰ።
“ያ ወረቀት እኮ አርባ ዓመት የጣቴን አሻራ ሲበላ ኖረ፤
አሁን ደግሞ ቆዳ ሆኖ ሊከፍለኝ ጀመረ?”

የዛሬው ሥራ ቀላል ነበር፦ ጨብጥ፣ ልቀቅ፣ ጨብጥ።
ስፖንጅ። የቴኒስ ኳስ። የጥድ ጣውላ። በስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ሲሮጥ።
“ይሄ ጣውላ በቅጡ አልተላገም” አለ፤ ልቤ ዘለለ።
“ተሰማህ?”
“ኧረ ወዲያ! ዓይኔን መጋዝ አልበላውም” አለ።

ከእጅ አይሻል ዶማ፣ አልኩ በልቤ።
ከዚህም የባሰ ነበር፤ ዓርብ ዕለት የመጣ ደብዳቤ፦
የምርምሩ በጀት መጋቢት ላይ ያበቃል።
“ለሽማግሌው ቀስ ብለን ነው” አለች ፓርሚንደር፤ “እስከዚያ ማን ያውቃል?”
ሆድ ይፍጀው ብዬ፣ “በመጨረሻ የኔን እጅ” አልኩት፤
አንጓዬ ላይ አሳረፈው፣ እንዳይጎዳኝ ፈርቶ፣ እንደ ጫጩት።

መስመሩ ግን ዝም አላለም። ትንሽ ኮረብታ፣ ትንሽ ኮረብታ፣
እየደጋገመ፣ እየተጣደፈ፣ ያለ ፋታ።
እኛ ዝቅተኛ ግፊት የምንለው፣ ለካ የደም ሥሬ ነበር!
ኦሬስት የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ ፊቴን አየ፣ ቆጠረ በከንፈር።
“መቶ ዐሥራ ስምንት። ቁጭ ብለሽ ነው እኮ፣ ልጄ።
በይ ንገሪኝ፤ ግድ የለም፣ ምንም አይሰማውም እጄ።”

ነገርኩት። እጁን ሳያነሣ ሰማኝ። በረዶ ጠራጊ መኪና
በታች አለፈ እያጓራ፤ ኮረብታዎቹ ቀስ ብለው ረገቡ እንደገና።

ቆዳውን ስናወልቅ መስመሩ ዜሮ ላይ አልተመለሰም፤
ቂመኛ ነው ብያችሁ የለ? ስህተት ብዬ አልመዘገብኩም።

“እንግዲያው” አለ ሲነሣ፣ “ያቺን ወረቀት ስጪኝ፤
ቤት የጀመርኩት ወንበር አለ፤ ግራ እጄን ልክ ታስገባልኝ።”
ሻካራ ፊቷን ወደ ውስጥ አጥፎ ከደረት ኪሱ ወሸቀ፤
“ማክሰኞ እመጣለሁ” አለ፤ ለግራ እጁ ብቻ ጓንት አጠለቀ።